3 ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ኖሮ... የአሮን ቡር ታሪክ

ዛሬ ወደ ድሮዋ አሜሪካ ልንወስዳችሁ ነው። የ10 ዶላር ኖት እጃችሁ ገብቶ ካወቀ ላዩ ላይ ያለውን ሰውዬ አይታችሁታል። አሌክሳንደር ሃሚልተን ይባላል። የዛሬው ባለታሪካችን ሃሚልተንን በሽጉጥ የገደለው ሰው ነው። ሲገድለው ደግሞ ተራ ሰው አልነበረም፣ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት ነበር። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ ፕሬዝዳንትነቱ ራሱ ለጥቂት ነው ያመለጠው። ስሙ አሮን ቡር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቡር በ1756 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኒዋርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዛሬ ፕሪንስተን የምንለው ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ነበር። ልጁ ግን 3 ዓመት እንኳን ሳይሞላው አባቱንም እናቱንም አጣ። አጎቱ ጋር አደገ። በ13 ዓመቱ እዚያው አባቱ ይመራው የነበረው ኮሌጅ ገባ፣ በ16 ዓመቱ ተመረቀ።

ከእንግሊዝ ጋር የነፃነት ጦርነት ሲጀመር በ1775 በበረዶና በጫካ አቋርጦ ኩቤክ ድረስ ከዘመተው ጦር ጋር ሄደ። ሌተና ኮሎኔል ደረሰ። ጤናው ሲቃወስ በ1779 ጦሩን ለቆ ሕግ ተማረና ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቃ ሆነ። እዚያው ከተማ ሌላ ጎበዝ ወጣት ጠበቃ ነበር፤ ሃሚልተን። አንዳንዴ አንድ ላይ ቆመው ደንበኛ ይከላከሉ ነበር። በ1791 ግን ቡር የሃሚልተንን አማች ፊሊፕ ስካይለርን አሸንፎ የሴኔት ወንበሩን ወሰደበት። ቂሙ ከዚህ ወዲህ እየከረረ ሄደ።

ቡር ምን ዓይነት ሰው ነበር? ለመመደብ ያስቸግራል። በ1785 የኒው ዮርክ ምክር ቤት አባል ሆኖ ባርነት ባንዴ ይቁም የሚለውን ሐሳብ ደግፏል፤ ራሱ ቤት ግን ባሪያዎች ነበሩ። ሴት ልጅ እንደ ወንድ መማር አለባት ብሎ ያምን ስለነበር ልጁን ቴዎዶስያን ላቲንና ግሪክኛ ጭምር አስተምሯታል። ብልጠቱም የዋዛ አልነበረም። በ1799 ለከተማዋ ንፁህ ውሃ አቀርባለሁ ብሎ ኩባንያ አቋቋመ። ፈቃዱ ውስጥ ግን የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ ሥራ ማዋል ይቻላል የምትል ዓረፍተ ነገር ሸጎጠ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ባንክ ተከፈተ! ያ ባንክ ዘመን ተሻግሮ የዛሬው ጄፒ ሞርጋን ቼዝ አካል ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ የ1800 ምርጫ።

ያኔ ሕጉ ለየት ያለ ነበር። መራጮቹ እያንዳንዳቸው 2 ድምፅ ይሰጣሉ፣ ግን የቱ ለፕሬዝዳንት የቱ ለምክትል እንደሆነ አይለዩም። ብዙ ያገኘ ፕሬዝዳንት፣ ቀጥሎ ያለው ምክትል። የነ ቶማስ ጄፈርሰን ፓርቲ ጄፈርሰንን ለፕሬዝዳንት፣ ቡርን ለምክትል አስቦ ገባ። አንድ ሰው ለቡር የሚሰጠውን ድምፅ መቀነስ ነበረበት፤ ማንም አልቀነሰም። ውጤቱ ጄፈርሰን 73፣ ቡር 73! ሥልጣን ላይ የነበረው ጆን አዳምስ 65 አግኝቶ ተሸነፈ።

እኩል ከሆነ የሚወስነው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። 16 ግዛቶች፣ ለእያንዳንዱ ግዛት 1 ድምፅ፣ ለማሸነፍ 9። ምክር ቤቱን የያዙት ደግሞ የተሸነፈው የአዳምስ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ጄፈርሰንን ከማየት ቡር ይሻለናል አሉ። የካቲት 11 ቀን 1801 ድምፅ ሲሰጥ ጄፈርሰን 8፣ ቡር 6፣ ሜሪላንድና ቨርሞንት ለሁለት ተከፍለው ቀሩ። ደገሙት፤ ያው ነው። ሠለሱት፤ ያው ነው።

ውጭ በረዶ ይወርዳል። ጆሴፍ ኒኮልሰን የሚባል የሜሪላንድ ተወካይ በጠና ታሞ ነበር። በዚያ በረዶ ተሸክመውት መጥቶ ተኝቶ ድምፁን ለጄፈርሰን ሰጠ። እሱ ቢቀር ኖሮ ሜሪላንድ የቡር ነበረች።

ቡርስ የት ነበር? ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ አልባኒ ከተማ ቁጭ ብሏል። ልጁን የዳረው በዚያው ወር ነው። ዋሽንግተን ሄዶ ምረጡኝ አላለም፤ አልፈልግም፣ ለጄፈርሰን ስጡት ብሎም በግልጽ አልወጣም። ዝም አለ። ሃሚልተን ግን ጄፈርሰንን ባይወድም ቡር ይብሳል ብሎ ለፓርቲው ሰዎች ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፈ። በመጨረሻም የደላዌር ብቸኛ ተወካይ ጄምስ ቤያርድ ቡርን መምረጥ አቆመ። የካቲት 17፣ በ36ኛው ዙር፣ ጄፈርሰን 10 ግዛት አግኝቶ አሸነፈ።

እስቲ አሁን እናስበው። ከሜሪላንድ 1 ሰው፣ ከቨርሞንት 1 ሰው፣ ከኒው ጀርሲ 1 ሰው ወደ ቡር ቢዞር 9 ይሞላ ነበር። 3 ሰው ብቻ!

ከዚያስ? የሚቀጥለው የኛ ግምት ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ብጥብጥ ይመስለናል። የቨርጂኒያና የፔንሲልቬኒያ አስተዳዳሪዎች ጄፈርሰን ከተነጠቀ ዝም እንደማይሉ ይታወቅ ነበር፣ ሚሊሻም ነበራቸው። ሀገሪቱ ሥልጣን ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ስታሻግር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ያ ርክክብ በጉልበት ቢበላሽ ቀጣዩም የሚበላሽ ይመስለናል። ሉዊዚያናን በ1803 በ15 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱ ግን ቡር ቢሆንም ሳይቀር አይቀርም። ናፖሊዮን ለመሸጥ የቆረጠው ጦሩ ሄይቲ ላይ ስላለቀና ለጦርነት ገንዘብ ስለፈለገ ነውና። ሃሚልተንም ምናልባት ሽማግሌ ሆኖ ይሞት ነበር።

እውነተኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ጄፈርሰን ምክትሉን ከዚያ በኋላ አላመነውም። በ1804 ቡር ለኒው ዮርክ አስተዳዳሪነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ሃሚልተን ስሙን እያጠፋው እንደሆነ ሰማና ለፍልሚያ ጠራው። ሐምሌ 11 ማለዳ ዊሃውከን በተባለ ቦታ ተታኮሱ። ሃሚልተን በማግስቱ ሞተ። የተታኮሱባቸው ሽጉጦች ዛሬ በማን እጅ ናቸው? በዚያው በጄፒ ሞርጋን ቼዝ!

በዚያው ዓመት ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የፕሬዝዳንትና የምክትል ድምፅ ተለያየ። ቡር ወደ ምዕራብ ሄዶ ሰው ማሰባሰብ ጀመረ፤ ግዛት ሊገነጥል ነው ተብሎ በ1807 በሀገር ክህደት ተከሰሰ። ሕጉ የሚጠይቀው ማስረጃ ስላልተሟላ ነፃ ወጣ፣ ስሙ ግን አልነፃም። አውሮፓ 4 ዓመት ተንከራቶ በ1812 ተመለሰ። በዚያው ዓመት የልጅ ልጁ ሞተ። ቴዎዶስያ አባቷን ልታይ በመርከብ ተነሳች፤ መርከቧም እሷም ደብዛቸው ጠፋ።

ቡር ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ኖረ፣ ጥብቅናውን ሠራ። መስከረም 14 ቀን 1836 በ80 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ፕሪንስተን፣ አባቱ አጠገብ ነው።

እኛ ሁሌም የሚገርመን ያ ዝምታው ነው። በዚያ ሳምንት አንድ ግልጽ ቃል ቢናገር፣ ወይ ፕሬዝዳንት ይሆን ነበር፣ ወይ የታመነ ምክትል። ሁለቱንም አጣ። እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ታሪክ ለሚወድ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉት።