የካምፓኞሎ ካምቢዮና የቡልቡላ መንገድ

ጋራዥ የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ዳዶ፣ ቸርኬ ሲል በጣሊያንኛ እየተናገረ መሆኑን ልብ አይለውም። ጣሊያኖች ጥለውልን ከሄዱት ነገር ውስጥ ያለ ጠብ የተቀበልነው ይህንን ቃላት ሳይሆን አይቀርም። በብስክሌት ዓለም ደግሞ ካምቢዮ ሲባል አብሮ የሚነሣ አንድ ስም አለ፤ ቱሊዮ ካምፓኞሎ። ቡልቡላ የማስቀምጠውን አሮጌ የኮርሳ ብስክሌት ለማደስ ስነሣ፣ ምን ዓይነት ቸርኬ፣ ስንት ጥርስ ልግጠምበት የሚለውን ጥያቄ የዚህን ሰው ታሪክ ሳላነብ መመለስ አልቻልኩም።

ካምፓኞሎ የተወለደው በ1901 በፓዶቫ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ስለነበረው ልጁ ያደገው ብረት ሲሞርድ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው ብስክሌት ተወዳዳሪ ሆነ። ያን ጊዜ የኮርሳ ብስክሌት የማርሽ መለወጫ የለውም። የኋላው ቸርኬ ግራና ቀኙ የተለያየ ጥርስ አለው፤ ዳገት ሲመጣ ተወዳዳሪው ይወርዳል፣ ዳዶዎቹን ይፈታል፣ ቸርኬውን ገልብጦ ያስራል፣ ይጋልባል። ዳገቱ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና።

በኖቬምበር 1927 ክሮቼ ዳውኔ በተባለ ተራራ ላይ በረዶ እየጣለ እጁ ደንዝዞ ዳዶውን መፍታት አቃተው፣ ውድድሩም አመለጠው ይባላል። ይባላል ማለቴ የሕግ ትምህርት ያስለመደኝ ጥንቃቄ ነው። ታሪኩን የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም ችሎት ፊት ቢቀርብልኝ የስሚ ስሚ ማስረጃ ነው ብዬ እቃወመው ነበር። የማያከራክረው ከዚያ በኋላ የሠራው ነው። በ1933 ድርጅቱን አቋቋመ፤ ክፍት በሆነው የቸርኬ ዘንግ ውስጥ ቀጭን ብረት አሳልፎ፣ ጫፉ ላይ ባለች አንዲት መዘውር ያለ ቁልፍ የሚታሰርና የሚፈታ ቸርኬ ለተወዳዳሪዎች አቀረበ። ዛሬም በብዙ ብስክሌቶች ላይ ይህችው መዘውር አለች።

ቀጥሎ ወደ ካምቢዮው ዞረ። በ1940ዎቹ ያወጣው ካምቢዮ ኮርሳ ሲያስቡት የሚያስፈራ ነው። ጋላቢው እየጋለበ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ በአንዱ ዘንግ የኋላ ቸርኬውን ያላላል፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረ በሌላው ዘንግ ሰንሰለቱን ወደ ሌላ ጥርስ ይገፋል፣ ከዚያ ቸርኬውን መልሶ ያጠብቃል። እኔ ቆሜም አልሞክረው። ጂኖ ባርታሊ ግን የ1948ቱን ቱር ደ ፍራንስ በዚሁ አሸነፈ፤ ፋውስቶ ኮፒም በ1950 የፓሪስ ሩቤን ውድድር ሲያሸንፍ የተሻሻለውን ይዞ ነበር። እንዲህ ባለ ድል መሀል ካምፓኞሎ የገዛ ሥራውን ተወውና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግራን ስፖርትን አመጣ፤ ቸርኬው ሳይነካ ሰንሰለቱን በሽቦ የሚያንቀሳቅስ ካምቢዮ። (የእኛዎቹ እነ ገረመው ደንቦባ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ በብስክሌት የተወዳደሩት ከዚህ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።) ካምፓኞሎ በ1983 ሲሞት ድርጅቱን ልጁ ቫለንቲኖ ተረከበ።

የእኔ ብስክሌት የ1960ዎቹ መጨረሻ ሥራ ነው። ፊት 52 እና 42 ጥርስ፣ ኋላ ከ14 እስከ 22 የሚደርሱ አምስት ጥርሶች አሉት። ከቡልቡላ ወደ ባቱ (ዝዋይ) መንገዱ ሜዳ ነው፤ ነፋስ ከኋላ ከመጣ 52 በ14 በአንድ የፔዳል ዙር 7.8 ሜትር ያህል ይወስደኛል። ወደ አርሲ ነገሌ ሲዞሩ ግን ዳገት አለ። 42 በ22 በአንድ ዙር 4 ሜትር ነው፤ ይህ ለኮፒ እንጂ ሃምሳን ለተሻገረ ዓምደኛ ጉልበት የተሠራ አይደለም። የፊቱን ትንሽ ጥርስ ማሳነስ እንዳልል፣ በዚህ ዓይነት የካምፓኞሎ ፔዳል ላይ ከ41 በታች አይገባም። የቀረው የኋላው ነው፤ ካምቢዮው ደግሞ በደህና የሚሠራው እስከ 26 ጥርስ ነው። ስለዚህ ኋላ 26 አስገባሁ፤ ዙሩ ወደ 3.4 ሜትር ወረደ።

በቸርኬው ላይ ክርክር ተነሣ። አንድ መካኒክ የዛሬ ቸርኬ ይግባበት አለ። የእኔ ቴላዮ የኋላ ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 130 ነው፤ ብረት ስለሆነ ይከፈታል፣ እኔ ግን አልፈቀድኩም። አንድ ወዳጄ ደግሞ የፋብሪካው እንዳለ ይቆይ ባይ ነው፤ ከመነዳሪው ውስጡ የተሰፋ፣ በማጣበቂያ ቸርኬው ላይ የሚለጠፍ ጎማ። እሱ የግራር እሾህ አላየም። የተሰፋ ጎማ ሲበሳ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ተለጥፎ፣ እንደገና ተሰፍቶ ነው። ካምፓኞሎ ያሸነፈበትን ካምቢዮ ለመተው ካላመነታ እኔ ለቸርኬ የምቆረቆርበት ምክንያት አልታየኝም።

መሀሉን፣ የካምፓኞሎ ስምና መዘውር ያለበትን፣ አላስነካሁም። ዙሪያውን ብቻ ተራ ጎማና ከመነዳሪ በሚቀበል የአሉሚኒየም ቸርኬ አስለወጥኩ፤ ስፋቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ሊባል የሚችል ስለሆነ ፍሬኑ ሳይቀየር ደረሰለት። አሮጌዎቹ ቸርኬዎች በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።