ቻርልስ ኬተሪንግና ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው ኮይል

የመኪና ሞተር ሲያንኳኳ ወይም ሲቆራረጥ ጥፋቱ አስቀድሞ የሚላከከው በማቀጣጠያው ላይ ነው። ካንዴላው ይለወጣል፤ ገመዱ ይለወጣል፤ በመጨረሻም ኮይሉ ተፈትቶ በአዲስ ይተካል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ እንደ ቀድሞው የሚያንኳኳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የባትሪ ማቀጣጠያን በወጉ አደራጅቶ ለመኪና ያበቃው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግም ይህንኑ ክስ ለዓመታት ተሸክሞ ኖሯል።

ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1876 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኦሃዮ ግዛት በሎደንቪል አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ ትምህርቱን አቋርጦ የስልክ መስመር ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር እስከ መሥራት ደርሷል። ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቀው በ1904 ሲሆን፣ እንደ ወጣ በዴይተን ከተማ የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና በሚሠራ ኩባንያ ተቀጠረ። እዚያም መመዝገቢያውን በእጅ ከመዘወር ያዳነ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሠራ። የኋላ ሥራው ሁሉ ሥሩ ከዚህች ሞተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያን ዘመን የነበሩት ብዙ የባትሪ ማቀጣጠያዎች ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥ መቁረጫ ስለ ነበራቸው ለአንድ ፍንዳታ ብዙ ብልጭታ ያዘንቡ ነበር፤ ደረቅ ባትሪውም ቶሎ ያልቅ ነበር። ኬተሪንግ ከባልደረባው ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር በዲድስ ግቢ በነበረ የእንጨት ጎተራ ውስጥ እያመሸ በመሥራት፣ በትክክለኛው ሰዓት አንዲት ጠንካራ ብልጭታ ብቻ የሚሰጥ ማቀጣጠያ አበጀ። የካዲላኩ ኃላፊ ሄንሪ ሊላንድም ሥራውን ወደደው፤ ደልኮ የተባለው ኩባንያ በ1909 ተቋቋመ፤ ማቀጣጠያውም በ1910 ሞዴል ካዲላክ ላይ ዋለ።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። በብረት እምብርት ላይ ወፍራም ሽቦ ጥቂት ዙር፣ ቀጭን ሽቦ ደግሞ እጅግ ብዙ ዙር ይጠመጠማል። የባትሪው ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሲያልፍ የማግኔት ኃይል ይከማቻል፤ መቁረጫው በድንገት ሲከፈት ያ ኃይል ይፈርስና በቀጭኑ ሽቦ ላይ በብዙ ሺህ ቮልት የሚቆጠር ግፊት ይፈጥራል፤ ካንዴላውም ይበራል። የኮይልም በሽታ ከዚሁ ይመነጫል። በቀጭኑ ሽቦ ዙሮች መካከል ያለው መከለያ ሲያረጅ፣ ሞተሩ በብርድ ተነሥቶ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ሲበርድም እንደገና ይነሣል። ስለዚህ በብርድ ተለክቶ ደኅና የተባለ ኮይል ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ጥርሱ የሰፋ ካንዴላም ኮይሉን ከአቅሙ በላይ ስለሚያስጨንቀው፣ ካንዴላውን ሳይመረምሩ ኮይል ብቻ መለወጥ አዲሱንም ለመግደል ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ባለው የዛሬ ሞተር፣ ጥሩ ባለሙያ የተጠረጠረውን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጣል፤ ጉድለቱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ታወቀ፤ ባለበት ሲሊንደር ከቀረ ግን ምርመራው ወደ ካንዴላው፣ ወደ ነዳጁና ወደ ሽቦው ይዞራል።

ኬተሪንግ ከማቀጣጠያው ቀጥሎ በ1912 ካዲላክ ላይ የዋለውን ሞተሪኖ ሠራ። ሞተር በእጅ ማንቀሳቀሻ ማስነሣት ክንድ የሚሰብር፣ አንዳንዴም ነፍስ የሚያሳጣ ሥራ ነበር። ብዙዎች ለዚህ የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር ግዙፍ መሆን አለበት ብለው ሲከራከሩ፣ እርሱ ሥራው የጥቂት ሰከንድ ስለ ሆነ ትንሽ ሞተር ከልኩ በላይ ቢጫንም እንደማይቃጠል ከመመዝገቢያው መኪና ተምሮ ነበር።

ክሱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሞተሮች እመቃ ከፍ እያለ ሲሄድ ማንኳኳት በዛ፤ የማግኔቶ ወዳጆችም ጥፋቱን በኬተሪንግ የባትሪ ማቀጣጠያ ላይ ጣሉት። በስሙ ላይ የመጣ ነገር ነውና መልስ ከመስጠት ይልቅ መመርመርን መረጠ። ለገበሬ ቤቶች ብርሃን የሚሰጠው የደልኮ ትንሽ ሞተር በቤንዚን ፋንታ በላምባ ሲሠራ ክፉኛ ያንኳኳ ነበር። ነዳጁ ሲለወጥ ማንኳኳቱም አብሮ ከተለወጠ ኮይሉ እንዴት ጥፋተኛ ይሆናል? በ1916 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ወደ እርሱ መጣና ምርመራውን ተረከበ። ሁለቱ ቀይ ቀለም ሙቀትን ስቦ ላምባውን ቶሎ ያተነው ይሆናል ብለው ገመቱ። በዘይት የሚሟሟ ቀይ ቀለም ባይገኝ ሚጅሊ አዮዲን ጨመረ፤ ማንኳኳቱም ቀነሰ። ሌሎች ቀይ ቀለሞች ሲሞከሩ ግን ምንም አልለወጡም። ግምቱ ስሕተት ነበረ፤ ውጤቱ ግን እውነት ነበረ፤ ጉዳዩ ከቀለሙ ሳይሆን ከአዮዲኑ ኬሚካላዊ ጠባይ ኖሯል። ኮይሉም በዚህ ነጻ ወጣ።

ፍለጋው በታኅሣሥ 1921 በእርሳስ ውሁድ ተፈጸመ። እዚህ ላይ የኬተሪንግን ታሪክ በምስጋና ብቻ ማለፍ ደግ አይሆንም። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነገር ነበር። በ1924 በኒው ጀርዚ ቤይዌይ ውሁዱን ያዘጋጁ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ ሞቱ። ኬተሪንግ በዚያው ዓመት ነዳጁን ለመሸጥ የተቋቋመው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበረ፤ ሽያጩም ለጥቂት ጊዜ ከተቋረጠ በኋላ ቀጠለ። ኮይሉን ለመመርመር ያሳየውን ትዕግሥት ለመድኃኒቱ አላሳየም።

በዚያው ዘመን ሌላም ውድቀት ደርሶበታል። በመዳብ ክንፎች በአየር የሚቀዘቅዘው የሸቭሮሌ ሞተር በ1923 ከገበያ እንዲመለስ ሲደረግ እጅግ አዝኖ ከጄኔራል ሞተርስ ለመልቀቅ ጠይቆ ነበር። አልፍሬድ ስሎን ግን አግባብቶ አስቀረው። የምርምር ክፍሉን እስከ 1947 መራ፤ የባቡርን የእንፋሎት ሞተር ያስጣሉት ባለ ሁለት ምት የናፍጣ ሞተሮችም ከዚያው ወጡ። በ1945 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የካንሰር ምርምር ተቋም የእርሱንና የስሎንን ስም ይዟል።

ኬተሪንግ በኅዳር 1958 በ82 ዓመቱ በዴይተን ዐረፈ። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ግን ከእርሱ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ኖሮ፣ በመጨረሻ በአልጄሪያ መሸጡ የቆመው በ2021 ነው።