ጁዋንዳ ካርታዊጃጃ፡ የኢንዶኔዥያን ደሴቶች በባሕር ያስተሳሰሩ መሪ

የቀድሞው የኢንዶኔዥያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጁዋንዳ ካርታዊጃጃ አገራቸው በደቡብ ምሥራቅ እስያ የባሕር ደህንነት ትብብር ውስጥ ለያዘችው ሥፍራ ሕጋዊ መሠረት የጣሉ መሪ ናቸው።

እ.ኤ.አ በ1911 በምዕራብ ጃቫ ታሲክማላያ የተወለዱት ጁዋንዳ በ1933 በባንዱንግ በሲቪል ምህንድስና ተመርቀዋል። በመምህርነትና በመስኖ ሥራ ያገለገሉ ሲሆን፣ ኢንዶኔዥያ በ1945 ነፃነቷን ስታውጅ የባቡር መሥሪያ ቤቱን ከጃፓኖች እጅ በመረከቡ ሂደት ግንባር ቀደም ነበሩ። የየትኛውም ፓርቲ አባል ሳይሆኑ በተለያዩ ካቢኔዎች በሚኒስትርነት ሠርተው በኤፕሪል 1957 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል።

በወቅቱ ሥራ ላይ የነበረው የ1939 የቅኝ ግዛት ሕግ ለእያንዳንዱ ደሴት የሚፈቅደው የ3 ማይል የባሕር ክልል ብቻ ነበር። በመሆኑም በምዕራብ ኒው ጊኒ ይገባኛል ጥያቄ ከኢንዶኔዥያ ጋር የተፋጠጠችው የኔዘርላንድስ የጦር መርከቦች በደሴቶቹ መካከል ያለ ከልካይ ይመላለሱ ነበር።

የጁዋንዳ መንግሥት ወጣቱ የሕግ ባለሙያ ሞክታር ኩሱማትማጃ ያቀረቡትን ሐሳብ በመቀበል ዲሴምበር 13 ቀን 1957 ታሪካዊውን መግለጫ አወጣ። መግለጫው በደሴቶቹ መካከል ያለው ባሕር የአገሪቱ አካል መሆኑን፣ የባሕር ክልሉም የዳር ደሴቶችን ከሚያገናኘው መስመር 12 ማይል እንደሚዘልቅ አስታወቀ። ሰላማዊ የውጭ መርከቦች የማለፍ መብታቸው እንደሚጠበቅም አረጋገጠ።

አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ኔዘርላንድስና አውስትራሊያን ጨምሮ በርካታ አገሮች መግለጫውን ተቃወሙ። ኢንዶኔዥያ ግን በ1960 በሕግ አጽንታው ለዓመታት ተደራደረች። ጁዋንዳ የድካማቸውን ፍሬ ሳያዩ ኖቬምበር 7 ቀን 1963 በ52 ዓመታቸው አረፉ። የደሴታማ አገሮች መብት በተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ዕውቅና ያገኘው ከ19 ዓመታት በኋላ፣ በ1982 ነው። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ የጎረቤቷን የማሌዥያን ነባር የባሕር መብቶች በስምምነት አክብራለች።

ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖር በ2004 በማላካ የባሕር ወሽመጥ የተቀናጀ የፀረ ወንበዴ ቅኝት ሲጀምሩ፣ እያንዳንዱ ባሕር ኃይል የየራሱን ክልል እንዲጠብቅና መረጃ እንዲለዋወጥ ተስማምተዋል። ታይላንድም በ2008 ተቀላቅላለች። ኃያላን መንግሥታት ወሽመጡን ራሳቸው ይጠብቁት የሚለው ሐሳብ ሲነሳ፣ ኢንዶኔዥያ ጥበቃው የባለቤቶቹ ኃላፊነት ነው በሚል አቋሟ ጸንታለች።

ጁዋንዳ ባረፉበት ዓመት የብሔራዊ ጀግና ማዕረግ የተሰጣቸው ሲሆን፣ የሱራባያ አውሮፕላን ማረፊያም በስማቸው ተሰይሟል። መግለጫው የወጣበት ዕለት ከ2001 ጀምሮ በአገሪቱ ብሔራዊ መታሰቢያ ሆኗል።