ሶይቺሮ ሆንዳ እና የሞተር ዕድሜ

በዶሃ አል ዋዓብ ምግብና ዕቃ ጭነው ከቤት ወደ ቤት ለሚመላለሱ አሽከርካሪዎች የሞተር ብስክሌት ዕድሜ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ይህን ዕድሜ ከሚወስኑት ክፍሎች አንዱ በፒስተን ዙሪያ የሚገጠመው ስስ የብረት ቀለበት ነው። ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳም ስማቸውን የተሸከመውን ሞተር ብስክሌት ከመሥራታቸው በፊት የተፈተኑት በዚሁ ቀለበት ነበር።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1906 በሺዙኦካ ግዛት፣ ከሃማማትሱ ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ብስክሌትም የሚጠግኑ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናታቸው ሸማኔ ነበሩ፤ በኢትዮጵያም ብዙ ያገለገሉ፣ ግን ለረጅም ዘመን ክብር የተነፈጉ ሁለት ሙያዎች ናቸው። ልጁ ሆንዳ ወደ መንደራቸው የመጣውን አውቶሞቢል በሩጫ ተከትለው፣ መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት እንዳሸተቱ ይነገራል።

በ1922 ቶኪዮ በሚገኝ አርት ሾካይ በተባለ ጋራዥ በተለማማጅነት ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ግን መፍቻ መያዝ ሳይሆን የአሠሪያቸውን ሕፃን ማዘል ነበር። ሙያውን ከተማሩ በኋላ በ1928 የጋራዡን ቅርንጫፍ በሃማማትሱ ከፈቱ፤ ሥራውም ሰመረላቸው።

ጥገናው ቢያዋጣም የሌላ ሰው ሥራ መጠገን ብቻ አላረካቸውምና የፒስተን ቀለበት ለማምረት ተነሡ። ቀለበቱ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል፤ የቃጠሎው ግፊት ወደ ታች እንዳያመልጥ፣ ዘይቱም ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይቃጠል ያደርጋል። ከመጠን በላይ ከጠነከረ ሲሊንደሩን ይፍቃል፤ ከለሰለሰ ራሱ ያልቃል። ሆንዳ ሌሊቱን ሁሉ ብረት እያቀለጡ ቢሞክሩም የሚወጣው ቀለበት አልሆን አለ። በመጨረሻ ወደ ከተማው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሄደው ሲያስመረምሩ፣ በብረቱ ውስጥ የሲሊከን እጥረት እንዳለ ተነገራቸው። ጋራዥ ያለው ሰው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወጣቶች ጋር ለመማር ተመዘገበ። ፈተና ስለማይቀመጡ ዲፕሎማ አላገኙም። ችግሩ በዚህም አላበቃም፤ ለቶዮታ ካቀረቧቸው 50 ቀለበቶች የጥራት ምርመራውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከብረት ፋብሪካ ወደ ዩኒቨርሲቲ እየዞሩ ጠይቀው፣ ዘግይተውም ቢሆን ምርታቸውን ተቀባይነት አስገኙ።

ጦርነቱና የጃንዋሪ 1945 የመሬት መንቀጥቀጥ ፋብሪካቸውን ጎዱት፤ የቀረውን ለቶዮታ ሸጡ። በ1946 ለወታደራዊ ሬዲዮ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጩ የነበሩ ትርፍ ሞተሮችን ገዝተው ብስክሌት ላይ መግጠም ጀመሩ። ሆንዳ ሞተር ኩባንያ በ1948 ተመሠረተ። የገንዘቡንና የሽያጩን ጉዳይ ከ1949 ጀምሮ ታኬኦ ፉጂሳዋ ያዙት፤ ያለ እሳቸው ኩባንያው መቆሙ ያጠራጥራል።

በ1958 የወጣው ሱፐር ካብ 49 ሲሲ ብቻ ነበር። በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን ስለሌለው፣ የሶባ ምግብ የሚያደርስ ሠራተኛ በአንድ እጁ ትሪ ተሸክሞ በሌላው እንዲነዳው ታስቦ ተሠራ። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ዘይቱን ከነዳጅ ጋር አብሮ ያቃጥላል፤ ሱፐር ካብ ግን ባለ አራት ስትሮክ በመሆኑ ዘይቱ በውስጡ እየተዘዋወረ ደጋግሞ ይሠራል። ይህም ለባለቤቱ ግዴታ አመጣ፦ ዘይቱን በወቅቱ መቀየር። በ2017 የተመረተው ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ።

በኳታር ሙቀትና አሸዋ ይህ ግዴታ ይበረታል። የአየር ማጣሪያው ካልጸዳ ወይም ከተቀደደ ደቃቅ አሸዋ ከአየሩ ጋር ገብቶ ቀለበቱንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቃል። በሙቀትና በረጅም ሰዓት ሥራ ያረጀ ዘይት ብረትን ከብረት የሚለየውን ስስ ሽፋን መጠበቅ ይሳነዋል። ስለዚህ በአምራቹ መመሪያ ለአስቸጋሪ ሁኔታ የተቀመጠውን አጭር የዘይት መቀየሪያ ርቀት መከተል፣ የዘይቱንም መጠን ቶሎ ቶሎ ማየት ይገባል። ሞተሩ እንደተነሣ ጋዝ አለመርገጥ ሳይሆን አለመጠምዘዝ ነው ቁም ነገሩ፤ ዘይቱ ሁሉም ቦታ እስኪደርስ ጥቂት በዝግታ መንዳት ይበቃል። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ካልተጨነቀ ቀለበቱ ከሲሊንደሩ ጋር በደንብ ይላመዳል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከታየ ዘይት እየተቃጠለ ነውና ቀለበቱ ሳይመረመር መቆየት የለበትም። አንድ ዓይነት ሁለት ሞተሮች፣ አንዱ ገና በጥቂት አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ሲፈታ ሌላው ከዚያ እጅግ አልፎ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ልማዶች ልዩነት ነው።

ሆንዳ በ1973 ከፉጂሳዋ ጋር በአንድ ጊዜ ጡረታ ወጡ። ከዚያም በጃፓን ያሉትን የኩባንያውን ሥራ ቦታዎች እየዞሩ ከሠራተኞች ጋር ተጨባበጡ። እጁ በዘይት የቆሸሸ ሠራተኛ ሲያፍር እሳቸው ያንኑ እጅ ይጨብጡ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ኦገስት 5 ቀን 1991 በ84 ዓመታቸው አረፉ። ተሽከርካሪ ሠርቶ የኖረ ሰው በሞቱ መንገድ መዝጋት የለበትም ብለው ስላሰቡ፣ ኩባንያው ታላቅ የቀብር ሥነ ሥርዓት እንዳያዘጋጅላቸው አስቀድመው ተናዘው ነበር።