ሻማ ሠሪው አባት፤ የጆሳያ ፍራንክሊን ሕይወት

በ1758 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር፣ አንድ የ52 ዓመት ሰው ከልጁ ጋር ሆኖ ኖርዛምፕተንሺር በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ኤክተን መንደር ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሰውዬው ከአሜሪካ የመጣው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበረ። የመብረቅን ባሕርይ መርምሮ በማስረዳቱ ስሙ በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ታውቆ ነበር። ወደ ኤክተን የመጣው ግን ስለ መብረቅ ሊናገር ሳይሆን የአባቱን የትውልድ ስፍራ ለማየትና የዘሩን ሐረግ ለመፈለግ ነው።

የደብሩ ቄስ ሚስት ከ1555 ጀምሮ የተያዘውን የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ አውጥታ አሳየችው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያሉት የዘመዶቹ መቃብር ድንጋዮች ግን ሻጋታ ስለ ወረሳቸው ለማንበብ የማይቻሉ ሆነው ተገኙ። ሴትዮዋ ብሩሽና ውኃ አስመጣች፤ ፒተር የሚባለው የፍራንክሊን ባሪያ ድንጋዮቹን ፈገፈጋቸው፤ ልጁ ዊልያምም ጽሑፉን ገለበጠ። ፍራንክሊን የሚለው ቃል በጥንታዊ እንግሊዝኛ የራሱ መሬት ያለው ነጻ ሰው ማለት ነው። ይህን ስም ከድንጋዩ ላይ አጥርቶ ያወጣው ባሪያ መሆኑን አንባቢ ልብ ሳይል አያልፍም።

በመዝገቡ ውስጥ ከተገኙት ስሞች አንዱ በ1657 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር የተወለደው ጆሳያ ፍራንክሊን ነው። ስለ ልጁ የተጻፈው መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት የሚሞላ ሲሆን፣ ስለ አባቱ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ሻማ ሠሪ ነበር የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን ያንን ልጅ ማን እንዳስተማረው የሚጠይቅ ሰው ከሻማው ቤት ሳይገባ መልስ አያገኝም።

የፍራንክሊን ቤተ ሰብ በኤክተን 300 ዓመት ያህል የተቀመጠ ሲሆን፣ 30 ኤከር ያህል መሬትና አንድ የብረት መቀጥቀጫ ቤት ነበረው። ልማዱ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የቀጥቃጭነቱን ሙያ እንዲማርና ቤቱን እንዲወርስ ነበረ። ቤንጃሚን መዝገቡን ሲመረምር እርሱ ራሱ የታናሽ ልጅ ታናሽ ልጅ፣ እንዲህም እያለ እስከ አምስት ትውልድ ድረስ ከታናናሾች የተወለደ መሆኑን አገኘ። ከእነዚህ ታናናሾች ለአንዱም መሬቱ ሊደርሰው አይችልም ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱ እንጀራውን በእጁ ሙያ መፈለግ ግድ ሆነበት።

በዚያ ቤት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ታሪክ ነበረ። በንግሥት ሜሪ ዘመን፣ ማለት ከ1553 እስከ 1558 ባለው ጊዜ፣ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በቤት ይዞ መገኘት አደጋ የሚያስከትል ነገር ሆኖ ነበር። የጆሳያ ቅድመ አያት መጽሐፉን ገልጦ ከአንድ በርጩማ ሆድ ሥር በጥብጣብ አሰረው። ለቤተ ሰቡ ሊያነብላቸው በፈለገ ጊዜ በርጩማውን በጕልበቱ ላይ ይገለብጥና ገጾቹን ከጥብጣቡ ሥር እያወጣ ያነብ ነበር። ከልጆቹም አንዱ የቤተ ክህነቱ ፍርድ ቤት መልእክተኛ ሲመጣ እንዲናገር በደጃፍ ይቆማል። ሰውዬው የመጣ እንደ ሆነ በርጩማው ቀጥ ብሎ በእግሮቹ ይቆማል፤ መጽሐፉም እንደ ቀድሞው ተሰውሮ ይቀራል። ልጅ ለንባብ ዘብ የቆመበት ቤት ለንባብ የሚሰጠው ዋጋ የቱን ያህል እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጆሳያ ዕድሜው ለሙያ ሲደርስ ባንበሪ በምትባለው ከተማ ይኖር ወደ ነበረው ወደ ወንድሙ ወደ ጆን ሄዶ ጨርቅን በቀለም መንከር ተማረ። አን ቻይልድ የምትባለውን ሴት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። በዚያን ጊዜ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ለብቻቸው የሚጸልዩ ሰዎች ጉባኤ በሕግ የተከለከለ ነበረ፤ ተሰብስበው የተገኙትም ይቀጡ ነበር። ከወንድማማቾቹ ውስጥ ጆሳያና ቤንጃሚን የሚባለው ወንድሙ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሲተባበሩ፣ ሌሎቹ በቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ጸንተው ቀሩ። በዚህም ምክንያት ፍቅራቸው አልተቋረጠም። ኋላም ከጆሳያ ወዳጆች አንዳንዶቹ እምነታቸውን በነጻነት ወደሚፈጽሙበት አገር ለመሄድ በቆረጡ ጊዜ እርሱንም አብሯቸው እንዲሄድ መከሩት።

በ1683 ጆሳያ ሚስቱንና ሦስቱን ትንንሽ ልጆቹን ይዞ በመርከብ ወደ ቦስተን ተሻገረ። ዕድሜው 25 ነበረ። በአዲሱ አገር ግን ሙያው ከእርሱ ጋር አልተሻገረም፤ ጨርቁን በቀለም የሚያስነክር ሰው ጥቂት ስለ ሆነ በዚህ ሥራ ቤተ ሰብ ማስተዳደር እንደማይቻል ተረዳ። የሰባት ዓመት ልምምድ የሚጠይቅን ሙያ በባዕድ አገር ትቶ እንደ ጀማሪ ሌላ መማር ቀላል ነገር አይደለም። ጆሳያ ግን ሳይዘገይ ሻማና ሳሙና ወደ መሥራት ተመለሰ። ሥራው ከሉካንዳ የሚመጣውን ሞራ ማቅለጥ፣ የጥጥ ክሩን እየቈረጡ በቀለጠው ሞራ ውስጥ ደጋግሞ መንከር፣ ከአመድ ውኃና ከስብ ሳሙና ማፍላት ነበረ። ሽታው ከባድ፣ ትርፉም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሌሊት ብርሃን የማይፈልግ ቤት ስለሌለ ገበያው አይጠፋም።

አን በቦስተን ሌሎች አራት ልጆች ከወለደች በኋላ በ1689 ሞተች። ጆሳያም ትንንሽ ልጆችን ለብቻው ማሳደግ ስለማይችል በዚያው ዓመት አባያ ፎልጀር የምትባለውን የ22 ዓመት ወጣት አገባ። አባቷ ፒተር ፎልጀር መሬት ለኪና ለአገሩ ነባር ሕዝብ ልጆች መምህር የነበረ ሰው ነው። አባያ አሥር ልጆች ወለደች። እንግዲህ ጆሳያ የ17 ልጆች አባት ሆነ። ከእነዚህም መካከል በሕፃንነታቸው የሞቱ ነበሩ፤ ኤቤነዘር የተባለው ሕፃን በ1703 ሳይታይ የሳሙና ውኃ ካለበት ገንዳ ገብቶ ሞተ። የአባቱን ስም የያዘው ልጅ ደግሞ ወደ ባሕር ሄዶ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሰና በዚያው ጠፍቶ ቀረ። ቢሆንም ቤንጃሚን አሥራ ሦስት ሆነው በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲቀመጡ ያስታውስ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ማዕድ ነው። ጆሳያ በተቻለው መጠን አስተዋይ የሆነ ጎረቤት ወይም ወዳጅ ለምሳ ይጠራና የልጆቹን አእምሮ የሚያነቃ አንድ ቁም ነገር ሆን ብሎ ያነሣ ነበር። ስለ ምግቡ መጣፈጥ ወይም አለመጣፈጥ አንድም ቃል አይነገርም። ቤንጃሚን ከዚህ የተነሣ በኋለኛው ዘመኑ ከማዕድ ከተነሣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ምን እንደ በላ ለመናገር ይቸገር ነበር። ሰውዬው ቁመቱ መካከለኛ፣ አካሉ ጠንካራ፣ ሥዕል መሣል የሚችል ነበረ፤ ማታ ሥራው ሲያልቅ ቫዮሊን እየመታ መዝሙር ያዜማል። ችግሩ ስለ ያዘው የሕዝብ ሹመት ለመያዝ ባይመቸውም፣ የከተማውም የቤተ ክርስቲያኑም ታላላቅ ሰዎች ምክር ለመጠየቅ ወደ ሻማው ቤት ይመጡ ነበር፤ የተጣሉ ሰዎችም ሽማግሌ ያደርጉታል።

በጥር 1706 የተወለደው ቤንጃሚን አሥረኛው ወንድ ልጅ ስለ ነበረ አባቱ እንደ ዓሥራት አድርጎ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አሰበው። በስምንት ዓመቱም ላቲን ወደሚያስተምረው የሰዋስው ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው ከክፍሉ መካከል ወደ ክፍሉ ራስ ወጣ፤ ወደሚቀጥለውም ክፍል ተዛወረ። አጎቱ ቤንጃሚን በራሱ ፈጠራ በአጭር ጽሕፈት የጻፋቸውን የስብከት ጥራዞች ሁሉ ለወደፊቱ ሰባኪ ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጆሳያ ልጁን ከትምህርት ቤት አወጣው። ምክንያቱም ለወዳጆቹ እንደ ተናገረው የኮሌጁ ወጪ ብዙ ቤተ ሰብ ላለው ሰው የማይቻል መሆኑ፣ ደግሞም የተማሩት ብዙዎች ኋላ የሚያገኙት ኑሮ አነስተኛ መሆኑ ነው። ልጁ ለክህነት የሚሆን ጠባይ እንደሌለው አይቶ ነው የሚሉም አሉ፤ ለዚህም የክረምቱ ሥጋ በጨው ተደርጎ በበርሜል በተከተተ ጊዜ፣ ቤንጃሚን በየማዕዱ ጸሎት ከማድረግ ይልቅ በበርሜሉ ላይ አንድ ጊዜ ጸልዮ መጨረስ ጊዜ እንደሚያተርፍ ለአባቱ ሐሳብ አቀረበ እየተባለ ይነገራል። የሆነው ቢሆን፣ ድሀ አባት በትምህርት የሚልቀውን ልጁን ከክፍል ሲያወጣ ማየት ለመምህር አዲስ ነገር አይደለም። ጆሳያን ለመንቀፍ የሚቸኩል ሰው አስቀድሞ በማዕዱ ዙሪያ ያሉትን አፎች ይቍጠር።

ቤንጃሚን ከዚያ ጽሕፈትና ሒሳብ ወደሚያስተምረው ወደ ጆርጅ ብራውኔል ትምህርት ቤት ተላከ። ብራውኔል በቍጣ ሳይሆን በማበረታታት የሚያስተምር ሰው ነበረ። ልጁም መልካም የእጅ ጽሕፈት ፈጥኖ አወጣ፤ በሒሳብ ግን ወደቀ። በአሥር ዓመቱ ትምህርቱ አበቃና ክር ሊቈርጥ፣ ሞራ ሊያፈስ ወደ ሻማው ቤት ተመለሰ። ሥራውንም ጠላው፤ ልቡ ወደ ባሕር አደላ። ባሕር አንድ ልጅ የወሰደበት አባት ይህን በሰማ ጊዜ ልጁን አልገረፈውም። እጁን ይዞ በቦስተን መንገዶች እየዞረ አናጢውን፣ ግንበኛውን፣ የናስ ዕቃ ሠሪውን በሥራቸው ላይ እንዳሉ አሳየው፤ ዝንባሌው ወደ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ይመለከተው ነበር። በመጨረሻ ልጁ መጽሐፍ ወዳድ መሆኑን አይቶ፣ በ1718 በ12 ዓመቱ ማተሚያ ቤት ለነበረው ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ እስከ 21 ዓመቱ በውል ሰጠው።

የአባትዬው መምህርነት ግን በዚህ አላቆመም። ቤንጃሚን ሴቶች ልጆች የቀለም ትምህርት ሊማሩ ይገባል ወይስ አይገባም በሚል ጉዳይ ከአንድ ወዳጁ ጋር በደብዳቤ ይከራከር ነበር፤ እርሱ ይገባል ባይ ነው። ጆሳያ ወረቀቶቹን አግኝቶ አነበበ። በክርክሩ ሳይገባ፣ በፊደል አጻጻፍና በነጥብ አገባብ ከወዳጁ እንደሚበልጥ፣ በቃላት ውበት፣ በሐሳብ ቅደም ተከተልና በግልጽነት ግን እንደሚያንስ ምሳሌ እያወጣ አሳየው። ልጁ ነቀፋው እውነት መሆኑን ስላየ አጻጻፉን ለማሻሻል ቆርጦ ተነሣ። ኋላ በእንግሊዝኛ ከሚጽፉት የዘመኑ ሰዎች ከፊተኞቹ ተራ የቆመው ሰው የመጀመሪያ አራሚው ሻማ ሠሪው አባቱ ነበረ።

ሆኖም በዚያው ቤት የመጨረሻዋ ልጅ ጄን ነበረች። የተወለደችው በ1712 ነው። ጥቂት ማንበብና መጻፍ ተምራ በ15 ዓመቷ ተዳረች፤ 12 ልጆችም ወለደች። በገዛ እጇ በሰፋችው ትንሽ ደብተር ውስጥ የልጆቿን ልደትና ሞት ስትጽፍ፣ በፊደሏ ስሕተት ዕድሜዋን ሁሉ ታፍር ነበር። አባቷ የልጁን ክርክር በጥንቃቄ አርሞ፣ ክርክሩ የሚመለከታትን ሕፃን ከአጠገቡ አላያትም። ይህ የዘመኑ ልማድ ነው ቢባልም ጕድለት መሆኑ አይቀርም።

በ1723 ቤንጃሚን ከወንድሙ ተጣልቶ ውሉን በማፍረስ ኮበለለ። በሚቀጥለው ዓመት የፔንሲልቬንያው ገዥ ዊልያም ኪዝ ማተሚያ ቤት እንዲያቋቁምለት የሚያግባባ ደብዳቤ ይዞ ወደ አባቱ ተመለሰ። ጆሳያ የገዥውን ክብር አመስግኖ እንቢ አለ፤ 18 ዓመት ለሆነው ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያቀርብ ሰው ማስተዋል የጐደለው መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ነገሩም እንደ ፈራው ሆነ፤ ኪዝ የተስፋ ቃሉን ሳይፈጽም ልጁን ለንደን ላይ ያለ ገንዘብ ጣለው። ጆሳያ ግን በሰላም መርቆ ሸኝቶት ነበር፤ ቆጥቦ ቢያገኝ፣ 21 ዓመት ሲሞላው የጐደለውን እንደሚሞላለትም ነግሮት ነበር።

ጆሳያ በ1739 በ81 ዓመቱ ስለ ስማቸው አመጣጥ ከቤተ ሰቡ የሰማውን ለልጁ ጽፎ ላከ። የኤክተኑ ጉዞ ሥር ከዚህ ደብዳቤ ሳይሆን አይቀርም። በጥር 1745 በ87 ዓመቱ ሞተ፤ አባያም በ1752 ተከተለችው። ቤንጃሚን 55 ዓመት በፍቅር አብረው መኖራቸውንና በድካማቸው ብዙ ቤተ ሰብ ማሳደጋቸውን የሚናገር የእብነ በረድ ድንጋይ በቦስተን መቃብራቸው ላይ አቆመ።

በ1788 በጻፈው ኑዛዜም የመጀመሪያ ትምህርቱን ላገኘበት ለቦስተን ነጻ ትምህርት ቤቶች አንድ መቶ ፓውንድ ተወ፤ በወለዱም በየዓመቱ ለሚልቁት ተማሪዎች የብር ሜዳይ እንዲሰጥ አዘዘ። የሰዋስው ትምህርት ቤቱ የያዘው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ለወላጆቹ ያቆመው ድንጋይ በጊዜ ብዛት ተፈረፈረ፤ በ1827 የቦስተን ሰዎች በምትኩ ረጅም የግራናይት ድንጋይ ሐውልት አቁመው የቀድሞውን ጽሑፍ ገለበጡበት።