ልዕልት ፀሐይ፤ የሕሙማን አገልጋይ

ሥራ ሰውን አያዋርድም ሲባል ሁላችንም እንሰማለን፤ እንሠራው ዘንድ የታዘዝነው ሥራ የታመመ ሰው ገላ ማጠብና የሽንት ዕቃ ማንሣት የሆነ እንደ ሆነ ግን ከመካከላችን ደስ ብሎት የሚነሣው ጥቂት ነው። እኔም ከብዙዎቹ አንዷ ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጡኝ ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በዐይኔ ያየሁት፥ ሁለተኛው በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያነበብሁት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ቦታ ስለ ተሰጠኝ ሁለቱንም በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ፎገራን የሚያውቅ ሰው ክረምቱን ያውቃል። ርብና ጉማራ ሞልተው በሜዳው ላይ ሲተኙ፥ ከወረታ ወደ ጣና ያለው አገር ሩዙም መንገዱም አንድ ውኃ ይሆናል። እንዲህ ባለ ክረምት አክስቴን ምጥ ያዛት። የሰፈራችን ጐልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው፥ ጭቃው እስከ ጕልበታቸው እየዋጣቸው፥ ሲመሽ ከሐኪም ዘንድ አደረሷት። እኔም ከአያቴ ጋር አስታማሚ ሆኜ ተከተልሁ። ልጁ በደኅና ተወለደ፤ እኛም እልል ብለን ነገሩ ያለቀ መሰለን። በዚያች ሌሊት ተረኛ የነበረችው ነርስ ግን ከአክስቴ አጠገብ አልተነሣችም። በየዐሥራ አምስት ደቂቃው የደም ሥሯን ይዛ ትርታዋን ትቈጥራለች፥ የደም ግፊቷን ትለካለች፥ አንሶላውን ገልጣ ደሙን ታያለች፥ ያየችውንም በወረቀት ላይ ትጽፋለች። ጥቂት ቆይቶ ደሙ በዛ። እኛ ከወሊድ በኋላ የሚወርድ የተለመደ ደም ነው ብለን ነበር። እርሷ ግን አስቀድማ ከጻፈችው ጋር አስተያይታ ወዲያው ባልደረባዋን ጠራች፤ ማኅፀኑ ይኰማተር ዘንድ ሆዷን አጥብቃ አሸች፥ መርፌ ወጋች፥ በክንዷ ፈሳሽ አስገባች። ሊነጋጋ ሲል ደሙ ቆመ።

አያቴን ይበልጥ ያስደነቃት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ነርሷ ሞቅ ያለ ውኃ አምጥታ የአክስቴን እግር ከደሙ አጠበች፤ ንጹሕ ልብስ አለበሰቻት፤ የረከሰውን ጨርቅ በእጇ ሰብስባ ወሰደች። አያቴ የተማረች ሴት እንዲህ ስታደርግ አይታ ስለማታውቅ ጐንበስ ብላ ጕልበቷን ልትስም ቃጣት።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ፥ ትምህርቴን ስጨርስ ነርስነት እማራለሁ ብዬ ብናገር አባቴ አልወደደልኝም። እኅቱን ማን እንዳዳናት አልጠፋውም፤ ነገር ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ የሰው ደምና እድፍ ማጠብ ለገበሬ ልጅ ከድካም ወደ ድካም መሄድ መሰለው። ሐኪም ሁኚ፥ አለዚያም በቢሮ ተቀመጪ ማለቱ ነበር። መልስ አጣሁ። መልሱን ስፈልግ ሳለሁ ነው የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ታሪክ ያገኘሁት።

ልዕልት ፀሐይ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፥ እናታቸውም ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ወላጆቻቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያና እቴጌ መነን ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፥ ልዕልቲቱ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። በቤተ መንግሥት ያደገ ልጅ ውኃ ሲጠማው የሚቀዳለት፥ እጁን ሲታጠብ የሚያስታጥበው አያጣም። ስለዚህ የልዕልቲቱ የኋላ ሥራ ከአስተዳደጋቸው የመጣ ነው ለማለት አይቻልም፤ ያመጣው የአገር መከራ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። በኅዳር ወር ደሴ ከአየር በቦምብ ተደበደበች፤ ከዚያም በኋላ በሰሜን ጦር ግንባር ሥጋን የሚያቃጥልና ሳንባን የሚያሳርር የመርዝ ጋዝ በወታደሩም በባላገሩም ላይ ወረደ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በ1927 ዓ.ም. ነበር፤ በአገሩም የሠለጠነ ነርስ እጅግ ጥቂት ነበር። ልዕልት ፀሐይ በዚያን ጊዜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ሲሆኑ፥ ከአዲስ አበባ ሴቶች ጋር ሆነው ለዘማቹ ልብስና የቍስል ማሠሪያ በማዘጋጀት ይደክሙ ነበር። የቍስል ማሠሪያ ማዘጋጀት አንድ ነገር ነው፤ ቍስሉን አጥቦ፥ መግል እንዳይዝ ጠብቆ፥ በሚገባው መንገድ ማሠር ግን ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። ያ ዕውቀት በአገሩ አለመስፋፋቱ ስንት ሰው እንዳስፈጀ ያ ዓመት አሳይቶ አለፈ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተ ሰባቸው በባቡር ወደ ጂቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። ስደተኛ ሰው ወይ ሐዘኑን ታቅፎ ይቀመጣል፥ ወይ ለአገሩ የሚጠቅም ነገር ይማራል። ልዕልት ፀሐይ ሁለተኛውን መረጡ። በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። ይህ ሆስፒታል በ1852 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፥ ለሕፃናት ብቻ የቆመ ስመ ጥሩ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው አመጣጥ ጥቂት መናገር ይገባል። በአውሮፓም ቢሆን ነርስነት ቀድሞ የተናቀ ሥራ ነበር። በ1820 እ.ኤ.አ. ከባለጠጋ ቤት የተወለደችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ይህን ሥራ እሠራለሁ ስትል ቤተ ሰቧ ለብዙ ጊዜ ከልክሏት ነበር። በ1854 እ.ኤ.አ. በክሪምያ ጦርነት ጊዜ ቱርክ አገር ወደሚገኘው የስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ሄዳ ንጽሕና፥ ንጹሕ አየር፥ የተስማማ ምግብና የማይሰለች ጥበቃ ለበሽተኛ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ አሳየች፤ የሟቾቹንም ቍጥር እየመዘገበች በማስረጃ ተከራከረች። በ1860 እ.ኤ.አ. በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ። ልዕልት ፀሐይ የገቡበት ሥርዐት ከዚህ ምንጭ የተቀዳ ነው።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ለጀማሪ ነርስ የሚሰጠው ሥራ ቀላል አልነበረም። አልጋ ማንጠፍ፥ ወለል መጥረግ፥ የሽንት ዕቃ ማጠብ፥ ሕፃናቱን ማጠብና ማብላት የጀማሪ ድርሻ ነበር። ከዚያም ቀስ በቀስ ትኵሳት መለካት፥ የልብ ትርታና እስትንፋስ መቍጠር፥ መድኃኒትን በሰዓቱና በልኩ መስጠት፥ ቍስል ማሠር ይማራሉ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ማስተዋል ነው። ዐዋቂ በሽተኛ ሕመሙ የት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሕፃን ግን ያለቅሳል እንጂ አይናገርም፤ ሲብስበትም ማልቀሱን ይተዋል። ስለዚህ የሕፃናት ነርስ ከከንፈሩ መልክ፥ ከአፍንጫው መርገብገብ፥ ከደረቱ አነሣስ ሕመሙን ታነባለች። ፔኒሲሊን ለሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1941 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፥ ልዕልቲቱ ሲማሩ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ለማዳን ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ነቅታ የምታድር ነርስ ነበረች።

ሥራው ለንጉሥ ልጅ ብሎ የሚቀንሰው ድካም የለውም፤ የታመመ ሕፃን የማን ልጅ እንደሚያጥበው አያውቅምና። ልዕልት ፀሐይ ሦስት ዓመት ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. ማለትም በእኛ በ1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመዝገቡ። በዚያ ብቻ አልበቃቸውም፤ የዐዋቂ ሕሙማንን አያያዝ ለመማር በሎንዶን ጋይስ ወደሚባለው ትልቅ ሆስፒታል ገቡ። ወዲያውም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ በ1940 እ.ኤ.አ. የጀርመን አውሮፕላኖች ሎንዶንን በቦምብ ይደበድቡ ጀመር። በአገራቸው ሰማይ ያዩትን መከራ በሰው አገር ሰማይ ደግመው አዩት፤ በዚህ ጊዜ ግን የቆሰለን ሰው መርዳት የሚያውቅ እጅ ነበራቸው።

በ1933 ዓ.ም. የአገራችን ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በሚያዝያ ወር 1934 ዓ.ም. በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን አብይ አበበን አገቡ፤ ባለቤታቸው በወለጋ ለአገር ገዥነት ስለ ተሾሙም አብረው ወደ ነቀምቴ ሄዱ። ነገር ግን ዕድሜያቸው አጭር ሆነ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። አስከሬናቸውም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በበኣታ ለማርያም ገዳም ዐፄ ምኒልክ ባረፉበት ሕንፃ ውስጥ ተቀበረ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ አሰብሁ። ሌላውን መጠበቅ የተማሩ ሴት ራሳቸው በወሊድ አረፉ። ነርስ የቱን ያህል ብታውቅ በራሷ ምጥ ጊዜ የራሷን ትርታ እየቈጠረች ልትጠብቅ አትችልም፤ ሌላ ነርስ ያስፈልጋታል። ስለዚህ አንድ ብልህ ሰው ለአገር አይበቃም፤ ዕውቀቱ በብዙ እጅ መሆን አለበት።

ይህን የተረዱ ሰዎች ለመታሰቢያቸው ሐውልት ከማቆም ይልቅ ሆስፒታል መሥራትን መረጡ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ ደከሙ፤ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በ1951 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፈተ፥ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

ወደ እኛ አገርም ብንመለስ በ1953 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ። በማግስቱ ዓመት፥ በ1954 እ.ኤ.አ.፥ በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ ከጤና መኰንኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችን ማስተማር ጀመረ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሊቦ ከምከምና በእኛ በፎገራ ካላ አዛር የሚባለው በሽታ ተነሣ። ሆድ እያሳበጠ ሰውነትን የሚያመነምነው ይህ በሽታ አስቀድሞ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። ምንነቱ ከታወቀ በኋላ ሕሙማኑ በአዲስ ዘመን ይታከሙ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና በየቀኑ አንድ መርፌ እስከ ሠላሳ ቀን መወጋት ነው። መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪም ነው፤ ሠላሳውን ቀን ሳትሰለች የምትወጋው፥ በሽተኛው በላ ወይስ አልበላም ብላ የምትጠይቀው፥ አስታማሚውን የምታስተምረውና የምታጽናናው ግን ነርስ ናት።

እንግዲህ ነርስ የሐኪም ተላላኪ ናት የሚል ሰው ይህን ሁሉ ያስብ። ሐኪም በሽተኛውን ለጥቂት ጊዜ አይቶ ያልፋል፤ ነርስ ግን ውላ ታድራለች። ያየችውን ካልጻፈች፥ የጻፈችውን ለተረኛ ጓደኛዋ ካላስረከበች፥ ለውጡንም በጊዜው ካልተናገረች የሐኪሙ ጥበብ ከንቱ ይሆናል። የበሽተኛን ገላ ማጠብም ከዚህ ጥበቃ የተለየ አይደለም፤ የሚያብጠው፥ የሚቀላው፥ የሚቈስለው የሚታየው ገላ ሲታጠብ ነውና።

ይህን ታሪክ ጽፌ ከመጨረሴ በፊት አንድ ማታ ለአባቴ አነበብሁለት። የአክስቴ ልጅ በጭኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልዕልቲቱ በወሊድ ወደ ማረፋቸው ስደርስ ሕፃኑን አንሥቶ ለአያቴ ሰጣትና ወደ ደጅ ወጣ። በማግስቱ ፈቃዱን ሰጠኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ገና አልሰጠኝም። ነገር ግን ቢሮ ግቢ ማለቱን ትቶአል፤ ደግሞም የነርስነት ትምህርት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠይቆኛል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ነገ የትምህርት ዐይነት ስንመርጥ ይህን ሙያ ከቀረን የምንወስደው ትራፊ አናድርገው። ክረምቱ በየዓመቱ ይመጣል፤ ርብም ይሞላል፤ በቃሬዛ የምትመጣ እናትም አትጠፋም። ስትደርስ አጠገቧ ተቀምጦ ሌሊቱን የሚቈጥርላት ሰው ከእኛ መካከል ይገኝ።