ኔርሴስ ናልባንዲያን፦ ለአዲስ አበባ መድረኮች የነሐስ ድምፅ ያቀናበሩት ስደተኛ

ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ አዲስ አበባ ይደርስ የነበረው 784 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር፣ ጨርቅና ማሽን ወደ መሃል አገር ሲያመላልስ ኖሯል። ከጫናቸው ነገሮች ሁሉ በጆሮ የሚሰማ አሻራ የተወው ግን ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች በዚሁ መስመር አዲስ አበባ ገቡ። አርባ ልጆች ተብለው የታወቁት እነዚህ ወጣቶች የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም በዜማ አዋቅረው የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ሠሩ።

ኬቮርክ ማርሹን ተከሉ። ያንን የወታደር ነሐስ ወደ ዘፈንና ዳንስ መድረክ ካመጡት ዋነኛ ሰዎች አንዱ ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን ናቸው።

ኔርሴስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1915፣ ዛሬ በደቡብ ቱርክ ጋዚያንቴፕ በምትባለው አይንታብ ከተማ ነው። ዓመቱ በኦቶማን ግዛት በአርመናውያን ላይ የጅምላ ግድያና መፈናቀል የጀመረበት ነበር። ቤተሰባቸው ወደ ሶርያዋ ሐለብ ተሰደደ፤ ሕፃኑም የሙዚቃ ፍቅር ያደረበት በዚያው በስደት ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ አጎታቸውን ተከትለው ኢትዮጵያ ሲደርሱ አገሪቱ ራሷ በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። ከአንድ መከራ የወጡት ወጣት ሌላ ሕዝብ መከራ ላይ ሳለ ደረሱ፤ ኑሯቸውንም ሙዚቃ በማስተማር ጀመሩ።

ከነፃነት በኋላ አዲስ አበባ የባንዶች ከተማ ሆነች። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች እርስ በርስ ይፎካከሩ ጀመር። ኔርሴስ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ ተረክበው፣ ኖታ አይተው የማያውቁ ወጣቶችን ከፊደል ጀምረው ወደ ኦርኬስትራ አሳደጉ። በኋላ ሽለላን በሳክስፎን በመጫወት ስሙ የገነነው ጌታቸው መኩሪያ የሙያ ሕይወቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 በዚሁ ባንድ ነው።

በዚያው ዓመት ከሌላኛው የዓለም ጫፍ አዲስ ምት ተነሣ። ኩባዊው ፔሬስ ፕራዶ ሜክሲኮ ላይ ባስቀረጻቸው ሥራዎች ማምቦ ድንበር መሻገር ጀመረ። በማምቦ ባንድ ሳክስፎኖች አጭር ሐረግ እየደጋገሙ ሲያዙ ትራምፔቶች ከላይ ይመልሳሉ፤ ከሥር የኮንጋ ከበሮ ያለ ዕረፍት ይመታል። ሥሩ በባርነት ወደ ኩባ ከተጋዙ አፍሪካውያን የመጣ ነው። አውጪና ተቀባይ ባለበት የዘፈን ሥርዓት ላደገ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህ አነጋገር ፍጹም ባዕድ አልነበረም። ማምቦ፣ ሩምባና ቻቻቻ በሸክላና በሬዲዮ ገብተው ከአዲስ አበባ የዳንስ ባንዶች ጋር ተዋሐዱ። የኩባ ባንድ በአካል ሳይመጣ ምቱ ቀድሞ ደረሰ።

ምቱን መውሰድ ቀላል ነበር። ከባዱ ዜማው ነው። የኢትዮጵያ ዘፈን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ይቆማል፤ ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ድምፃዊውና አጃቢው በተለምዶ አንዱን ዜማ አብረው ይከተላሉ። የአውሮፓና የአሜሪካ ትልቅ ባንድ ደግሞ የተለያዩ ድምፆችን ደራርቦ ኅብር መፍጠር ይፈልጋል። ከውጭ የመጣውን ስምም እንዳለ ቢጭኑበት ቅኝቱ ይጠፋል፤ በተለይ አንቺሆዬ ጠባብና ሰፊ እርከኖቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ እንዲህ ያለውን ጭነት አይችልም። ኔርሴስ የዕድሜያቸውን ትልቅ ክፍል የሰጡት ለዚህ ጥያቄ ነው። ኅብሩን ከራሱ ከቅኝቱ ድምፆች እየመረጡ፣ ነሐሱ ዘፈኑን ሳይውጥ እንዲያጅበው አድርገው አቀናበሩ።

የዚህ ልፋት ዋና መድረክ እ.ኤ.አ. በ1955 ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሆነ። ኔርሴስ በዚህ ቤት ሙዚቃ አቀናበሩ፤ ኦርኬስትራ መሩ፤ ወጣቶችን አሠለጠኑ። የፖሊስ ኦርኬስትራም ከእውቀታቸው ተቋድሷል። ጌታቸው መኩሪያም ወደ ቴአትር ቤቱ ተሻግሮ ነበር።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ሙዚቃ አንድ ብርቱ ጉድለት ነበረበት፤ አብዛኛው መድረክ ላይ ተሰምቶ እዚያው የሚቀር ነበር። ሸክላ ማሳተም በመንግሥት እጅ ተይዞ ቆየ። አምኃ እሸቴ ደፍሮ የግል ማሳተሚያውን ሲከፍት ጊዜው 1969 ደርሷል፤ በዚያ ወቅት ጊታርና ኦርጋን የያዙ አነስተኛ ባንዶች የትልልቆቹን ኦርኬስትራዎች ቦታ መረከብ ጀምረው ነበር። ዓለም ዛሬ የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን እያለ የሚያደምጣቸው ሸክላዎች በአብዛኛው የመከሩ ፍሬ ናቸው፤ የዘሩ ጊዜ በሸክላ ላይ እምብዛም የለም። ስለዚህ ጌታቸው መኩሪያን የሚያውቅ አድማጭ ኔርሴስን ላያውቅ ይችላል።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ አዋጅ የከተማዋን ምሽት ዘጋው። ዳንስ ቤቶች ጸጥ አሉ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተሰደዱ። ኔርሴስ ናልባንዲያን አልተሰደዱም። እ.ኤ.አ. በ1977 በአዲስ አበባ አረፉ።

ሥራቸው ግን በወረቀት ላይ ቆይቷል። በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ የተጫወተው የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ በኋላ ቅንብሮቻቸውን እንደገና በመድረክ አሰምቷል። በሸክላ ያልተያዘው ድምፅ ኖታ ማንበብ ለሚችል ሰው ሁሉ ተመልሶ ሊሰማ እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ። ኔርሴስ ለአዲስ አበባ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩትም ይህንኑ ነበር፤ ሙዚቃን መጻፍና ማንበብ።

የኬቮርክ ልጆች ከጅቡቲ በባቡር ሲወጡ አገር አልነበራቸውም። ኔርሴስም አይንታብን የለቀቁት ሳያውቋት ነው። አገር ያጡ ሰዎች ለሌላ አገር መዝሙርና የዳንስ ሙዚቃ አበጁ፤ አገሪቱም ያንን ድምፅ ዛሬ የራሷ አድርጋ ለዓለም ታሰማዋለች።